ከመፈረምዎ በፊት፦ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ካሳ ከማን፣ ምን ያህልና እስከ መቼ ይጠይቃል?

የአጎቴ ልጅ ግንበኛ ነው። አስፋልት ሲሻገር ሚኒባስ ገጨውና ቀኝ ክንዱ ክርኑ ላይ ተሰበረ። በአምስተኛው ቀን፣ ክንዱ በጄሶ ተጠቅልሎ ገና አልጋ ላይ እያለ፣ የሾፌሩ ታላቅ ወንድም ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ሊጠይቀው መጣ። ብርቱካንና ሙዝ ይዘዋል። ከፌስታሉ ጎን ደግሞ በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነበር፦ 30,000 ብር ተቀብሎ በዕርቅ እንደጨረሰ፣ ከእንግዲህም በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር እንደማይጠይቅ የሚገልጽ። ቀኝ እጁ ስለማይሠራ በግራ እጁ ፈረመ፤ ፊርማው የሕፃን ጽሕፈት ይመስል ነበር። ማንም አላስገደደውም። ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም፤ ሾፌሩ ታስሮ ነበርና ለወንድማቸው ተጨንቀው ነው የመጡት።

ጄሶው ሲፈታ ክርኑ አልዘረጋ አለ። እስከ ዛሬም አልተዘረጋም። ድንጋይ ማንሳትና ቱምቢ መጣል የሚችል ግን ሙሉ ቀን መሥራት የማይችል ግንበኛ ሆኖ ቀረ። ካሳ መጠየቅ እንደሚችል የሰማው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ ተፈርሟል።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ታሪክ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሰዎች መብታቸውን የሚያጡት ሕጉ ስለሌለ አይደለም። ሕጉ አለ፤ ከስድሳ ዓመት በላይም ሆኖታል። የሚያጡት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ማንን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ሳያውቁ በሚያደርጉት ነገር ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕግ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ከሥሩ እንየው።

ሾፌሩ ከታሰረ ካሳው አብሮ አይመጣም?

አይመጣም። አደጋው አንድ ቢሆንም ከእሱ የሚወለዱት ጉዳዮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የወንጀል ጉዳይ ነው። ከሳሹ መንግሥት፣ ተከሳሹ ሾፌሩ ነው። ፖሊስ ያጣራል፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል፣ ፍርድ ቤቱም ሾፌሩ በቸልተኝነት ጥፋት መሥራቱን መርምሮ ይቀጣል ወይም ያሰናብታል። መቀጮ ቢፈረድበት ገንዘቡ የሚገባው ለመንግሥት ነው፤ ለተጎጂው ሳንቲም አይደርሰውም። ሁለተኛው የመድን ጉዳይ ነው፤ መኪናው የገባለት ዋስትና የሚከፍለው ገንዘብ። ሦስተኛው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። እዚህ ላይ ከሳሹ ራሱ ተጎጂው ነው፤ ካልከሰሰ ማንም አይከስለትም። ብዙ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ሰጥቶ ሲያበቃ «ክሱ በመንግሥት ተይዟል» ብሎ ይጠብቃል። የተያዘው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። በወንጀሉ መዝገብ ላይ የካሳ ጥያቄ አቅርቦ አብሮ እንዲታይ ማመልከት በሕግ ይቻላል፤ በተግባር ግን አብዛኛው የካሳ ጥያቄ የሚወሰነው ለብቻው በሚከፈት የፍትሐ ብሔር መዝገብ ነው።

የተገላቢጦሹም ስጋት አለ፦ ሾፌሩ በነፃ ቢለቀቅ ካሳው ቀረ ማለት ነው? አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 በወንጀል ችሎት ነፃ መባል የካሳውን ዳኛ እንደማያስር በግልጽ ይናገራል። ሾፌሩ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ የካሳው መንገድ እንደማይዘጋ ቀጥለን እናያለን።

መኪናውን ያልነዳው ባለቤት ለምን ይጠየቃል?

በሬዎ አጥር ጥሶ የጎረቤትን ማሳ ቢበላ «እኔ አልላክሁትም» ብለው አያመልጡም። በሬው የእርስዎ ነው፤ ጥቅሙን የሚወስድ ጉዳቱንም ይሸከማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እንስሳት ባለቤት የሚለው ይህንኑ ነው፤ ስለ መኪናም በቁጥር 2081 ያንኑ አስተሳሰብ ይከተላል። መኪናው ጉዳት ካደረሰ፣ ጥፋተኛ ይኑርም አይኑር፣ ባለቤቱ ይጠየቃል። መኪናውን የነዳው እንዲነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ነው። ባለቤቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፦ አደጋው በደረሰበት ሰዓት መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት፣ ወይም ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው በራሱ ጥፋት መሆኑን ማሳየት። የተጎጂው ጥፋት ከፊል ከሆነ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይቀርም።

ይህ ለተጎጂው ትልቅ ነገር ነው። የሾፌሩን ፍጥነት፣ ስካር ወይም ግዴለሽነት የማስረዳት ሸክም አይኖርበትም። ማስረዳት ያለበት መኪናው እንደገጨው፣ ምን ያህል እንደጎዳውና ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነው።

ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ደግሞ ሕጉ መነሻው ላይ ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጥርና ጉዳቱን ለባለቤቶቹ ግማሽ በግማሽ ያካፍላል። አንደኛው ሾፌር ብቻውን ወይም በአመዛኙ አጥፊ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ስሌቱ ይለወጣል። የትራፊክ ፖሊሱ የሚያነሳው ፕላን፣ ማለትም የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ ክብደት የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ጣጣ አለ፤ በውክልና የተሸጠ መኪና። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ውክልና ሰጥቶ ይሄዳል፣ ሊብሬው ግን በስሙ ይቆያል። አደጋ ሲደርስ አንዱ «ሸጬዋለሁ» ይላል፣ ሌላው «ገና በስሜ አልዞረም» ይላል። ተጎጂው በዚህ መሃል መንከራተት የለበትም። የታርጋ ቁጥሩን ይዞ መኪናው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚገልጽ ማስረጃ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስቀረብ ይቻላል፤ ክሱም መነሻው ሊብሬው በስሙ ያለ ሰው ነው።

«ሦስተኛ ወገን» ማን ነው? መድኑስ ምን ያህል ይከፍላል?

የመድን ውሉን የተዋዋሉት የመኪናው ባለቤትና የመድን ድርጅቱ ናቸው። ከውሉ ውጭ ሆኖ በመኪናው የሚጎዳው መንገደኛ ሦስተኛ ወገን ይባላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለዚህ ዋስትና መኪና መንገድ ላይ ማውጣት ክልክል ነው፤ የመኪናው የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስቲከር የእሱ ምልክት ነው።

አዋጁ ሲወጣ የክፍያውን ጣሪያ እንዲህ ወሰነ፦ ለሞት ከ5,000 ብር ያላነሰ ከ40,000 ብር ያልበለጠ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር። የሰው ሕይወት ጣሪያ ከተሰበረ መኪና ጣሪያ ማነሱ ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል። እነዚህ መጠኖች የሚሻሻሉ ስለሆኑ አደጋው በደረሰበት ቀን በሥራ ላይ የነበረውን ከመድን ድርጅቱ ወይም ከመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል።

መጠኑ ምንም ይሁን፣ መታወቅ ያለበት ይህ ጣሪያ የመድን ድርጅቱ ጣሪያ መሆኑን ነው። የጉዳቱ ዋጋ አይደለም። ዕድርን ያስቡ። ሐዘን ለደረሰበት አባል ዕድሩ የሚከፍለው በደንቡ የተወሰነውን ነው፤ የቀብሩ ወጪ የቱንም ያህል ቢሆን ከዚያ አይጨምርም። ነገር ግን ዕድሩ ከፈለ ተብሎ ለሟች ቤተሰብ ዕዳ ያለበት ሰው ከዕዳው ነፃ አይወጣም። መድኑም እንደዚያ ነው። እስከ ጣሪያው ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ያለው በመኪናው ባለቤት ላይ ይቀራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በባለቤቱ ኃላፊነት ላይ እንዲህ ያለ ጣሪያ አላስቀመጠም። «መድን የሚከፍለው ይህን ብቻ ነው» ሲባል ብዙ ተጎጂ ጉዳዩ እዚያ ያበቃ ይመስለዋል። ያበቃው የመድን ድርጅቱ ድርሻ ነው። ከዚህም የተነሳ ክስ ሲቀርብ ባለቤቱና መድን ድርጅቱ በአንድ መዝገብ አብረው መግባታቸው የተለመደ ነው።

በሥራ ላይ እያለ የተጎዳ ሾፌር ወይም ረዳት ሌላ በር አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ አሠሪውን ይጠይቃል።

ገጭቶ ካመለጠስ? ዋስትና የሌለው መኪና ከሆነስ?

ለዚህ ነው የመድን ፈንዱ የተቋቋመው። ገጪው ሳይታወቅ ሲቀር ወይም መኪናው ሦስተኛ ወገን ሳይኖረው ሲገኝ ተጎጂው ወይም የሟች ቤተሰብ ለፈንዱ ያመለክታል። አደጋው መድረሱን የሚያሳየው ዋናው ወረቀት የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ነው። «ያመለጠ መኪና ነው፣ ለማን ልናገር» ብሎ ሳያመለክት የቀረ ሰው ይህን በር ራሱ ዘጋው ማለት ነው።

አዋጁ ሌላም በጎ ነገር አለው። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው የቀረበለት ማንኛውም የጤና ተቋም፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቅ አስቸኳይ ሕክምና መስጠት አለበት። የዚህም ጣሪያ በአዋጁ 2,000 ብር ነበር፤ ተቋሙ ወጪውን ከመድን ድርጅቱ ወይም ከፈንዱ ያስመልሳል። በር ላይ «መጀመሪያ ያስይዙ» ከተባሉ አዋጁን ጠቅሰው ይናገሩ። አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል 907፣ ለፖሊስ 991 ነው።

ካሳው እንዴት ይሰላል?

የሕጉ መነሻ አጭር ነው፤ ካሳ ከጉዳቱ እኩል መሆን አለበት። ካሳ ምጽዋት አይደለም፣ የሾፌሩ ቅጣትም አይደለም። የተቆረጠውን መልሶ መተካት ባይቻልም ገንዘብ ሊሞላው የሚችለውን ጉድለት መሙላት ነው።

እስካሁን የወጣው ወጪ ቀላሉ ክፍል ነው፦ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ክራንች፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ሆስፒታል የተመላለሱበት ትራንስፖርት፣ በሕክምና ላይ እያሉ የቀረ ገቢ። ወደፊት የሚመጣው ከበድ ይላል። እግሩ ውስጥ ብረት የገባለት ሰው ብረቱ የሚወጣበት ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል። ሕጉ በቁጥር 2092 መድረሱ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል፤ ሐኪሙ ይህን በጽሑፍ ካሰፈረ አሁኑኑ መጠየቅ ይቻላል።

ትልቁ ቁጥር የሚመጣው ግን ከጠፋው የመሥራት አቅም ነው። ወደ አጎቴ ልጅ ልመለስ። ሲጎዳ 34 ዓመቱ ነበር፣ በወር በአማካይ 8,000 ብር ያገኛል። የሐኪሞች ቦርድ ዘላቂ ጉዳቱን 25 በመቶ አለው። በችሎት በተለመደው ዓይነት ስሌት እንሂድ። 8,000 በ12 ወር 96,000 ብር በዓመት ይሆናል። የዚህ 25 በመቶ 24,000 ብር ነው። እስከ 60 ዓመቱ ይሠራ ነበር ቢባል 26 ዓመት ይቀረዋል፤ 24,000 በ26 ሲባዛ 624,000 ብር ይመጣል። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ መከፈሉንና ሌሎች ሁኔታዎችን አይቶ ሊቀንሰው ይችላል፤ ነገር ግን የተነሳንበት ቁጥር ይህ ነው። እሱ የፈረመው ለ30,000 ነበር።

የገቢ ማስረጃ የሌለው ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ እንዳይወድቅ። ጉሊት ቸርቻሪ፣ የቀን ሠራተኛ ወይም ገበሬ የደመወዝ ደብዳቤ አያቀርብም። ቁጥር 2102 የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ሳይቻል ሲቀር ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ግምት፣ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። አብረው የሚሠሩ ምስክሮች፣ የቀበሌ ማስረጃ፣ የግብር ደረሰኝ ካለም እሱ፣ ዳኛውን ይረዱታል። ተጎጂው ሕፃን ከሆነም ወላጁ ወይም ሞግዚቱ በስሙ ይጠይቃል።

ሰው ሲሞት ካሳው በሟች እጅ ይጦሩ ለነበሩት ቀለብ መተኪያ ይሆናል። ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ይጠይቃሉ፤ ሕጉ ይህን መብት ለሌላ ዘመድ አላሰፋውም። ገንዘቡ በየጊዜው እንዲከፈል ማዘዝም ለዳኛው የተፈቀደ ነው።

የሕሊና ጉዳት ካሳ የሚባለውም አለ፤ ስለ ሥቃይና ሐዘን የሚከፈል። ቁጥር 2116 ይህን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ዘግቶታል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የልጁን ሬሳ ለተረከበ አባት የሚሰጥ 1,000 ብር ምን እንደሚባል አላውቅም። ሕጉ ሊሻሻል ይገባዋል።

ዕርቅ ብፈጽም ምን ይከተላል?

ዕርቅ መልካም ነው። ሾፌሩ ሆን ብሎ አልገጨም፤ ይቅርታ መጠየቁና መካሱ በወንጀሉ ቅጣትም ላይ ማቅለያ ይሆንለታል። ሽማግሌን አታስጠጉ የሚል ምክር ከእኔ አይወጣም። የማሳስበው ወረቀቱ ላይ ስላለው ቃል ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ የዕርቅ ስምምነት በተስማሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ለማፍረስ ማታለል፣ ማስገደድ ወይም እነዚህን የመሰለ ጉድለት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ «ጉዳቴ ይህን ያህል መሆኑን አላወቅሁም ነበር» ብሎ መርታት ከባድ ነው። እኛም ጠበቃ ስናማክር የሰማነው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ይቅርታውንና ካሳውን መለየት ይቻላል። ሾፌሩን ይቅር ብያለሁ፣ ቂም የለኝም ብሎ መፈረም አንድ ነገር ነው፤ የካሳ መብቴን ትቻለሁ ማለት ሌላ። ለሕክምና የተሰጠ ገንዘብ ካለ ወረቀቱ «ለሕክምና መርጃ የተከፈለ፣ ከካሳው ላይ የሚታሰብ» ይበል። የጉዳቱ መጠን በሐኪም ሳይወሰን የመጨረሻ የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት አይፈርሙ። ሽማግሌዎቹ እውነተኞች ከሆኑ ጄሶው እስኪፈታ መጠበቅ አይከብዳቸውም።

ምን ማስረጃ መያዝ አለብኝ?

የመኪናው ታርጋ፣ ቢቻል የስቲከሩ ፎቶ፣ ያዩ ሰዎች ስምና ስልክ፤ ይህ በአደጋው ቀን፣ በቤተሰብ ወይም በወዳጅ እጅ የሚሰበሰብ ነው። በማግስቱ ተሰብሳቢው ተበትኖ፣ መኪናው ተነሥቶ፣ መንገዱ ታጥቦ ይገኛል። ከዚያ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃና ፕላን፣ ፖሊስ ለሆስፒታሉ በሚጽፈው ደብዳቤ የሚገኘው የሕክምና ማስረጃ፣ ኋላም የቦርዱ ውጤት ይከተላሉ። ቦርዱ የሚቀመጠው ሕክምናው ሲረጋ ስለሆነ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ በጥቂት ወራት ቀለሙ ይጠፋል። እኛ ፌስታል ውስጥ ካጠራቀምናቸው የመድኃኒት ደረሰኞች ግማሹን ስናወጣ ነጭ ወረቀት ሆነው አገኘናቸው፤ ምን እንደተገዛ፣ በስንት እንደተገዛ የሚያሳይ አንድ ፊደል አልቀረም። ደረሰኙን በተቀበሉ ዕለት ፎቶ ኮፒ ያድርጉት።

እስከ መቼ መክሰስ ይቻላል?

ሁለት ዓመት። በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ይቆጠራል። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ ይህን ግን መጠባበቂያ እንጂ ዕቅድ አያድርጉት። ሽምግልና መቀመጥ፣ መድን ድርጅት መመላለስ፣ የወንጀሉን ፍርድ መጠበቅ ብቻቸውን ሰዓቱን አያቆሙትም።

ሌላም ሰዓት አለ። ክሱ እየታየ መኪናው ሊሸጥ ይችላል፤ ሲፈረድ ባለቤቱ ሌላ ንብረት ከሌለው ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ክሱ ሲቀርብ መኪናው እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ የዕግድ ትእዛዝ አብሮ መጠየቅ ለዚህ ነው።

ለጠበቃ የምከፍለው ከሌለኝስ?

ክስ ለመክፈት የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያ በሚጠየቀው ገንዘብ መጠን ስለሚጨምር ለተጎጂ ከባድ ነው። አቅም የሌለው ሰው ግን «በደሃ ደንብ» ለመክሰስ ያመለክታል። ፍርድ ቤቱ አቅም ማጣቱን አጣርቶ ከፈቀደ ሳይከፍል መዝገቡ ይከፈትለታል።

ጠበቃን በተመለከተ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ከፍተዋል፤ ብዙዎቹም ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ወይም አጠገብ ይገኛሉ። ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መጠየቅ ይችላሉ። ፈቃድ ያለው ጠበቃም ለአቅመ ደካሞች ነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ በሕግ ተጥሎበታል። ከፍለው የሚይዙ ከሆነ ደግሞ የጥብቅና ፈቃዱን ይዩ፤ ሆስፒታል በር ላይ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ሁሉ ጠበቃ አይደለም። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈልና ይግባኙን እንደሚጨምር በጽሑፍ ውል ይግባ። ለመጀመሪያ ቀን ሲሄዱ የፖሊሱን ወረቀት፣ የሐኪሙን ወረቀት፣ የደረሰኞቹን ኮፒ፣ የታርጋ ቁጥሩን፣ ተፈርሞ ከሆነም የዕርቁን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። የፈረሙትን አይደብቁ፤ ጠበቃው መጀመሪያ ማንበብ ያለበት እሱን ነው።